ስለ ሲኒማና ስለ ጥንቱ ቴሌፎን

በሲኒማና በቴሌቪዥን የሚታዩትን የጥንት ዕቃዎች፣ ይልቁንም ቴሌፎኑን፣ ከታሪኩ ዘመን ጋር እያስተያዩ የሚመረምሩ ሰዎች አሉ። አንዳንዱ ይህን የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ብሎ ይንቀዋል። በቅኔ ቤት ያደግን ሰዎች ግን ልንንቀው አይገባንም። በነገራ ጊዜ መምህሩ የተማሪውን ቅኔ ሲሰማ ሰሙን አጥብቆ ይመረምራል፤ ሰሙ ካልቀና ወርቁ ምንም የከበረ ቢሆን መልኩን አይዝምና። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ነገር ግን አንዲት ቃል ያለ ቦታዋ ብትገባበት ምስጢሩ ሁሉ ይፈርሳል። በሲኒማም ዕቃው ሰም ነው፤ የሰዎቹ ኑሮና ሐሳብ ወርቅ ነው።

ቴሌፎን ከሌላው ዕቃ ይልቅ ዘመንን አጥርቶ ይናገራል። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል የፈጠራውን መብት የተቀበለው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1876 ነው። ከዚያ ወዲህ መልኩ ብዙ ጊዜ ተለውጧል። እስከ 1920ዎቹ ድረስ በአሜሪካ እንደ መቅረዝ የሚቆም ስልክ ይሠራበት ነበር፤ መናገሪያው በዓምዱ ራስ ላይ ሲሆን መስሚያው ለብቻው በጎን ይንጠለጠላል፤ ስለዚህ የሚነጋገር ሰው ሁለት እጁን ይይዝበታል። በ1937 302 የተባለው ባለ አንድ እጀታ ስልክ፣ በ1950 ገደማ ደግሞ 500 የተባለው ወጣ። በጣት የሚጫኑ ቁጥሮች የመጡት በ1963 ነው። እንግዲህ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተሠራ ሲኒማ ውስጥ የጦር አለቃው 500 የተባለውን ስልክ ቢያነሣ፣ የልጅ ልጅ በአያቱ ሠርግ ላይ ሚዜ ሆነ እንደ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ዕቃውን በዘመኑ ማስቀመጥ ብቻ አይበቃም፤ ሥራም ሊሠራ ይገባዋል። ቪንሴንት ሚኔሊ በ1944 ያወጣው «ሚት ሚ ኢን ሴንት ሉዊስ» የተባለው ሲኒማ በ1903 የነበረ የአንድ ቤተ ሰብ ታሪክ ነው። ታላቂቱ ልጅ ከኒው ዮርክ ከአንድ ጎልማሳ ቴሌፎን ትጠብቃለች፤ ቴሌፎኑ ግን የተተከለው በምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ነው። ሴቶቹ እራቱ ቀደም ብሎ እንዲበላ ቢመክሩም አባት እንቢ ይላል፤ ደወሉም ቤተ ሰቡ ሁሉ በማዕድ ተቀምጦ ሳለ ይደወላል። ልጅቱ በሁሉ ፊት እየጮኸች ትነጋገራለች። ሳቁም፣ እፍረቱም፣ የልጅቱ ተስፋ መጨናገፍም የመጣው ስልኩ ከግድግዳ የማይነቀል በመሆኑ ነው። በዚህ ስፍራ ሰሙና ወርቁ አንድ ሆነዋል።

አልፍሬድ ሂችኮክም በ1954 ባወጣው «ዳያል ኤም ፎር መርደር» በሚለው ሲኒማ ክፉው ባል ሚስቱን ለማስገደል የተጠቀመበት መሣሪያ ቴሌፎን ነው፤ ደወሉን ሰምታ ከአልጋዋ እንድትነሣ፣ ነፍሰ ገዳዩም በመጋረጃው ኋላ እንዲያገኛት። ሂችኮክ ጣት ቁጥሩን ስታዞር በቅርብ ለማሳየት ግዙፍ የስልክ ክብና ግዙፍ ጣት አሠርቷል። ስልኩ በኪስ የሚያዝ ቢሆን ኖሮ ሴራው ሁሉ ባልቆመ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ይከብዳል። ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የሚደርሰው 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ሥራ የተጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በፈረንጅ በ1894 ነው። ሥጋ የሌለው ድምፅ በሽቦ ሲመጣ አንዳንድ ካህናት የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ለንጉሠ ነገሥቱ እንዳመለከቱ ይነገራል። በዚያ ዘመን ስልክ መሣሪያውን በእጅ እያሾሩ፣ በመካከል ያለውን ቴሌፎኒስት እያስጠሩ የሚነጋገሩበት ነበር፤ ስለዚህ በሁለት ሰዎች ንግግር መካከል ሦስተኛ ጆሮ አለ። ስለዚያ ዘመን በሚሠራ ፊልም አንድ መኳንንት ቁጥር በጣቱ አዙሮ ምስጢር ቢያወራ፣ የተሳሳተው ዕቃው ብቻ አይደለም፤ ፍርሃቱም፣ መደነቁም፣ የምስጢሩ አደጋም አብረው ጠፍተዋል። ቁጥርም እንዲሁ ዘመን አለው፤ የአዲስ አበባ ስልክ በ011 መጀመር የጀመረው በ1998 ዓ.ም. ስለሆነ፣ በደርግ ዘመን ታሪክ ውስጥ በሱቅ በር ላይ 011 ተጽፎ ቢታይ ሐሰት ነው።

ተከራካሪ ግን እንዲህ ይለናል፤ «በጎንደርና በጎጃም አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል የፈርዖን ሠራዊት ጠመንጃ ይዞ በባሕረ ኤርትራ ሲሰጥም ይታያል፤ ሠዓሊው ተሳሳተን?» መልሱ እነሆ። ሠዓሊው የጥንቱን ጦር እንዲህ ነበር ብሎ ሊያስረዳ አልሣለም፤ ኃይለኛውን ሁሉ በዘመኑ ኃይል አምሳል አሳይቶ ተመልካቹን ሊገሥጽ ነው። የዘመኑን ልብስና ቤት አጥንቼ አመጣሁላችሁ የሚል ፊልም ግን ምስክር ለመሆን የቆመ ነውና በቃሉ ይያዛል።

ሳያስቡት ምስክር የሆኑም አሉ። በ1957 ዓ.ም. የተሠራው «ሂሩት አባቷ ማነው?» ስለ ራሱ ዘመን የተነገረ በመሆኑ፣ በውስጡ የሚታየው ዕቃ፣ ልብስና መንገድ ሁሉ ለዛሬ ሰው መዝገብ ሆኗል። ያለፈውን የሚተርኩ የዛሬ ባለ ሙያዎች ከእንዲህ ያለው የቆየ ሥራ ሊማሩ ይችላሉ።

ይህን ሁሉ መጻፋችን ስለ ብረትና ስለ ሽቦ ተቆርቁረን አይደለም። በቡለንና በመሰሉ ከተሞች የሚያድግ ልጅ የግድግዳ ስልክ አላየም፤ ቴሌፎኒስትም አልለመነም። የአያቶቹን ዘመን የሚያውቀው በእጁ በያዘው ስልክ ላይ ከሚያየው ፊልም ነው። አያቶቹ አንዲት ቃል ለመስማት የጠበቁትን ሰዓትና የተጓዙትን መንገድ ፊልሙ ከደበቀበት፣ ትዕግሥታቸውን ሊረዳው አይችልም። ስለዚህ የፊልም ሠሪዎቻችን ሆይ፣ ታሪኩን ከመጻፋችሁ አስቀድማችሁ በየቤቱ ያሉትን አረጋውያን ጠይቁ፤ ስልኩ የት ነበር? ማን ያነሣው ነበር? ማንስ ይሰማ ነበር? በሉ።