ዳኘው የማን ልጅ ነው?

ስለ ዐድዋ ጦርነት የተጻፈ አንድ አጭር ጽሑፍ ወደ ዐረብኛ መልሼ፣ እዚሁ ኒው ሀልፋ ለሚኖር ሱዳናዊ ወዳጄ በማነብለት ጊዜ፣ «አቡ ዳኘው» ከሚለው ላይ ስደርስ አቋረጠኝና «ዳኘው የንጉሡ የበኵር ልጅ ነውን?» ሲል ጠየቀኝ። በዐረብኛው ልማድ ጥያቄው እንከን የለውም። ዐረቡ ሰውን ሲያከብር በልጁ ስም «አቡ እገሌ» ይለዋል፤ የእኛ ሰው ግን ጌታውን በፈረሱ ስም «አባ እገሌ» ይለዋል። ዳኘው የዐፄ ምኒልክ ፈረስ መሆኑን ስነግረው ጥቂት አሰበ። ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ያለው ሰው ነውና ቀጥሎ፣ «መልኩ ምን ዓይነት ነበር? ማንስ ነበር የሚያጠጣው?» አለኝ። መልስ አጣሁለት። ስለ ፈረስ ስም ያለኝን አድናቆት እንደገና እንድመረምር ያስገደደኝ ይኸው ጥያቄ ነው።

ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1961 ዓ.ም. «ቼ በለው» በሚል ርእስ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ያሳተሙት የፈረስ ስሞች ጥናት ታላቅ ባለውለታችን ነው። ርእሱን ልብ ይሏል፤ ትእዛዝ ነው። ስሞቹም በአብዛኛው እንዲሁ ናቸው። የዐፄ ቴዎድሮስ ታጠቅ፣ የዐፄ ዮሐንስ በዝብዝ፣ የዐፄ ምኒልክ ዳኘው፣ የራስ መኰንን ቃኘው፣ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጠቅል፣ ሁሉም ትእዛዝ አንቀጾች ናቸው። በአንድ ቃል ውስጥ ይህን ያህል ምኞትና ዛቻ ማጨቅ ከሥነ ቃላችን ታላላቅ ሥራዎች አንዱ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ነገር ግን ስሙ የሚነግረን ጌታው የሚሻውን ነው፤ ፈረሱ ምን እንደሚመስል አይደለም። ዳማ፣ ቦራ፣ ጉራቻ፣ አምባላይ እያለ የፈረስን መልክ የሚለይ ቋንቋ እያለን፣ ለጌታ መጠሪያ የመረጥነው ፎካሪውን ቃል ነው። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው ሻለቃ «ቃኘው» ተብሎ ሲሰየም ስሙ ከፈረሱም ከባለቤቱም ተላቅቆ ራሱን ችሎ ይሄድ ነበር።

ለእኛ ለድንበሩ ሰዎች ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁባት መተማ ከዚህ ሩቅ አይደለችም፤ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1880 ዓ.ም.፣ ጎንደርን ያቃጠለው የሐምዳን አቡ አንጃ ጦርም የተሻገረው በዚሁ ወሰን ነው። «አባ በዝብዝ»ን ወደ ዐረብኛ ስመልስ ድምፁን ብቻ ጽፌ ትርጉሙን ተውሁት። ዘረፋን በሁለቱም ወገን ለሚያስታውስ አገር ጨዋነት መስሎኝ ነበር። ዛሬ ስሕተት ነበር እላለሁ፤ ስሙ ከትርጉሙ ከተለየ ዐረብኛ አንባቢው የሚያገኘው ልጅ የሌለው አባት ብቻ ነው።

በ1957 ዓ.ም. ኢትዮጵያንና ሱዳንን የጎበኙት የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት ቀብር መስከረም 9 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈጸመ። አስከሬኑ ወደ ዊንድሰር ግንብ ሲጓዝ በመንገዱ ዳር ኤማ የምትባል ጥቁር ፖኒ፣ ማለትም አጭር የፈረስ ዘር፣ ቆማ ነበር፤ በኮርቻዋ ላይ የንግሥቲቱ የራስ ሻሽ ተደርጓል፤ ልጓሟን የያዘው ለብዙ ዘመን ፈረሶቻቸውን የጠበቀው ቴሪ ፔንድሪ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በሚያዝያ 2014 ዓ.ም.፣ ለ96ኛ የልደት በዓላቸው የወጣው ፎቶግራፍም ንግሥቲቱን ከሁለት ነጫጭ ፖኒዎች መካከል ያሳያል። የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ትርኢት ማሳመር እንደሚችልበት አላጣሁትም። ቢሆንም በዚያ ሥዕል ውስጥ ጋላቢዋም፣ ፖኒዋም፣ ጠባቂውም በየስማቸው ይጠራሉ፤ «ኤማ» ደግሞ ማንንም አታዝም፣ ማንንም አታስፈራራም።

«አባ ዳኘው» ሁለት ቦታ ብቻ ያለው ቃል ነው፤ አንዱ የጌታው፣ ሌላው የፈረሱ። ሦስተኛው ሰው የሚገባበት በር የለውም። «አባ» የወንድ መጠሪያ በመሆኑም ለሴት ጋላቢ አይመችም፤ የራሳቸውን ጦር ይዘው ዐድዋ የዘመቱት እቴጌ ጣይቱ እንኳ የሚታወቁት «ብርሃን ዘኢትዮጵያ» በሚለው መጠሪያ ነው። ፔንድሪን በአማርኛ ምን ልበለው? ባልደራስ ሹመት ነው፤ ባልደራስ ያዝዛል እንጂ ላብ አይጠርግም። ፈረስ ጠባቂ ብለው ከሜዳ እረኛ ጋር ይቀላቀልብኛል። የዐረብኛው «ሳይስ» ግን የሚቀልበውንም፣ የሚያጥበውንም፣ የሚያባብለውንም በአንድነት ይዞ ይገኛል፤ የሱዳን ልጆችም ያውቁታል።

ትርጉሜን አርሜ «የዳኘው ፈረስ ጌታ፣ ንጉሥ ምኒልክ» ብዬ ለወዳጄ ደግሜ አነበብሁለት። አሁን ገባኝ አለ። ጥቂት ቆይቶም፣ «መልኩን ግን አሁንም አልነገርከኝም» አለኝ።