ሽሮና እንጀራ

በሰሜን ምሥራቅ ዳላስ፣ በቪከሪ ሜዶ አፓርታማዎች፣ የዐቢይ ጾም ሲገባ ሐበሻ ያለበትን ቤት በር ሳያንኳኩ ማወቅ ይቻላል፤ ሽሮው ይጣራል። ከአገር ቤት በዘመድ ሻንጣ የመጣ ምጥን ነው፤ ሽምብራው ተቆልቶና ተከክቶ ከበርበሬ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከኮረሪማ ጋር የተፈጨ። ቁሌቱ ላይ ውሃ ይጨመርና፣ ዱቄቱ እንዳይጓጉል እየነሰነሱ ማማሰል ነው። ሲንተከተክ ምድጃውን ያበላሻል (አከራዩ ባያይ ይሻላል)። ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ በስሏል።

«የጾም ነገር» እያሉ የሚያቃልሉት አይገቡኝም። ሰውነታችን ፕሮቲን የሚሠራው ከ20 አሚኖ አሲዶች ነው፤ 9ኙን ግን ከምግብ ካላገኘ አይሆንለትም። ከእነዚህ ከ9ኙ ውስጥ ሽምብራ ላይሲን ሞልቶታል፣ ሜቲዮኒን ያንሰዋል፤ ጤፍ በሜቲዮኒን ይሻላል፣ በላይሲን ይደክማል። አብረው ሲበሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል፤ ሆድ ውስጥ ተሰባብረው ጡንቻም፣ ጥፍርም፣ ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢንም ይሆናሉ። ሥጋ ያልነካው ገበታ ይህን ያህል ይሠራል።

አሜሪካ ጤፍ ስለሚወደድ እንጀራውን በስንዴ ዱቄት የሚቀላቅሉ ብዙ ናቸው። ስንዴ ደግሞ በላይሲን ከጤፍም የባሰ ድሃ ነው፤ እንግዲህ ሽሮው ወፈር ብሎ፣ በዛ ተደርጎ ይውጣ።