ለባሹና ሸማኔው፤ ስለ ጎንደር ልብስና ስለ ሕግ የቀረበ ትችት

ስለ አገር ልብስ የሚጻፈውን ስንመለከት አብዛኛው በምስጋና ተጀምሮ በምስጋና የሚፈጸም ሆኖ እናገኘዋለን። ነጭነቱ ይመሰገናል፤ ጥለቱ ይደነቃል፤ «ማንነታችን ነው» ይባልና ነገሩ ያልቃል። ምስጋናውን እኛም አንጠላውም። ነገር ግን ምስጋና የምርመራን ቦታ ከወሰደ ዕውቀት አይገኝም። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ የጎንደርን ከተማና የሰሜንን ደጋ ምሳሌ አድርገን አንድ ጥያቄ እናቀርባለን፤ ይኸውም ሕግና ፖለቲካ ልብስን በነኩ ጊዜ የተመለከቱት ማንን ነው? የሚል ነው። መልሳችንን አስቀድመን ለመናገር ያህል፣ የተመለከቱት ለባሹን ነው፤ ሸማኔውን ግን ከስንት አንድ ጊዜ በቀር አላዩትም እንላለን። ዘመኑን የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን የአዋጅ ቁጥር ግን እንደ ወጣበት ይቀመጣል።

በቀድሞው ሥርዓት ሸማ የሰውን ማዕርግ ያሳውቅ ነበር። ቀይ ጥለቱ ሰፋ ያለው ጃኖ የመኳንንት መለያ ነበር። በትልቅ ሰው ፊት የሚቆም ሰው ሸማውን ወገቡ ላይ ታጥቆ ያደገድጋል። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ መስቀለኛ ያጣፋል፤ ሐዘን ሲደርስበት ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጦ ይለብሳል። ይህ ሁሉ በብራና ያልተጻፈ ሕግ ነው፤ የጣሰውንም ሰው አገሩ ይፈርድበታል። ንጉሥም ያከበረውን ጦረኛ ለምድና ካባ ያለብሰው ነበር። የለምድ ነገር ብቻውን ብዙ ያስተምራል። በሰሜን ደጋ እረኛው ብርድ የሚከላከልበት የበግ ቆዳ ለምድ ይባላል፤ ጦረኛው ከንጉሥ የሚቀበለው በከፋይ የተሠራው ሽልማትም ለምድ ይባላል። ስማቸው አንድ ሆኖ ሳለ ክብራቸው የተራራቀው በሰጪውና በለባሹ ምክንያት ነው። የሠሪው እጅ በዚህ ውስጥ አይቈጠርም።

አሁን ወደ አሠራሩ እንለፍ። ጥጥ የሚመጣው ከቆላው ነው። ሴቶች ጥጡን ዳምጠው፣ በደጋን ነድፈው፣ በእንዝርት ይፈትሉታል። ፈትል ለባለጸጋ እመቤት እንኳ ነውር አልነበረም፤ እንዲያውም የጨዋ ሴት ሙያ ተብሎ ይመሰገን ነበር። ፈትሉ ሲያልቅ ለሸማኔ ይሰጣል፤ ሸማኔውም ከጉድጓዱ ተቀምጦ ድሩን ዘርግቶ፣ ማጉን በመወርወሪያ እያስገባ ሠርቶ፣ ዋጋውን ተቀብሎ ያስረክባል። እንግዲህ ለአንድ ልብስ ሁለት ሙያ ሲያስፈልግ፣ ፈታይዋ ባለሙያ ተብላ ስትከበር፣ ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። ክብሩ ፈትሉ በተፈተለበት ቤት ይቀራል፤ ስድቡ ወደ ሸማኔው ጉድጓድ ይወርዳል።

ለዚህ ልዩነት ምክንያቱ የሥራው ክብደት ሊሆን አይችልም። ምክንያቱን ለማግኘት ሸማኔው ማን እንደ ነበረ መጠየቅ ያስፈልጋል። በጎንደር ከተማ ሽመናና ንግድ በአብዛኛው የእስላሞች ሥራ ነበር። በአካባቢው መንደሮች ደግሞ በቀድሞው አጠራር ፈላሻ ይባሉ የነበሩት ቤተ እስራኤል ከብረትና ከሸክላ ሥራ ጋር ሽመናን ይሠሩ ነበር። በ1668 በዐጤ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በተደረገው ጉባኤ እስላሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነ። በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስም የእስላሞችን ከተማ ለብቻው ሆኖ እንዳገኘው ጽፏል፤ አዲስ ዓለም የተባለው ሰፈር የዚያ ዘመን ቅርስ ነው። ከመኖሪያው ልዩነት በላይ የከበደው ግን የርስት ነገር ነበር። ርስት የተከለከለ ሰው ከእጁ ሥራ በቀር መተዳደሪያ የለውም። ስለዚህ ሥርዓቱ በአንድ በኩል መሬት ነሥቶ ወደ ሽመና ገፋው፤ በሌላ በኩል ደግሞ ሸማኔ ስለ ሆነ ናቀው። ከዚህም የተነሣ በበዓል ቀን በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚታየው ነጭ ሸማ ብዙውን ጊዜ ከለባሹ ጋር በአንድ ሰፈር እንዲኖር ያልተፈቀደለት ሰው ሥራ ነበር። «ይህ ልብስ የማን ማንነት ነው?» ብለን ስንጠይቅ ይህን ታሪክ ዘለን ልንመልስ አንችልም።

ሸማኔውን ያየ ሕግ ከቶ አልነበረም ማለታችን አይደለም። ዐጤ ምኒልክ በ1908 ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ሲከለክሉ ሸማኔውንም ከቀጥቃጩና ከሌላው ባለሙያ ጋር በስሙ ጠርተውታል። አዋጁ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን አፍን ከለከለ እንጂ መሬት አልሰጠም። የገጠር መሬት ለሁሉም የተፈቀደው በ1975 በወጣው አዋጅ ነው፤ በዚህም ርስት ያልነበረው ባለሙያ የማረስ መብት አገኘ። ይሁን እንጂ ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1984ና በ1985፣ ከቤተ እስራኤል ብዙዎቹ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሄዱ፤ በግንቦት 1991 ደግሞ ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ። ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን በደባርቅ መንገድ ላይ ያለችው ወለቃ ዛሬ በጎብኚ ዘንድ የምትታወቀው ሰዎቿ በሄዱባት መንደርነቷ ነው። ሕጉ ባለሙያውን ባየ ጊዜ ባለሙያው ሊሄድ ተነሥቶ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚሁ ደጋ የወጣ ሌላ ምሳሌ በሩቅ አገር ይገኛል። ሰሜንንና ትግሬን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም በየካቲት 1855 በደረስጌ ድል ሆኑ፤ ድል ያደረጓቸው ካሣ ኃይሉም እዚያው ደረስጌ ማርያም ዐጤ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የውቤ ልጅ ጥሩወርቅ የቴዎድሮስ ሚስት ሆነች። በሚያዝያ 1868 እንግሊዞች መቅደላን ሲዘርፉ ልብሷ ከተወሰደው ዕቃ አንዱ ነበር። በሐር የተጠለፈው ይህ የጥጥ ቀሚስ ዛሬ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። በ2018 ሙዚየሙ የመቅደላን ዕቃዎች ለሕዝብ ሲያሳይ የሙዚየሙ ዋና ኃላፊ ዕቃዎቹ ለረጅም ጊዜ በውሰት ለኢትዮጵያ ሊሰጡ እንደሚችሉ ተናገሩ። ለመመለስ ግን በ1983 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ሙዚየሙን እጅግ ያጠብበዋል። የተዘረፈን ልብስ ለባለቤቱ አገር «ላውስህ» ማለት ፍርድ አይደለም፤ በዚህ ላይ ከወገኖቻችን ጋር አንድ ነን። ነገር ግን እኛው ራሳችን ስንከራከር የምንጠራው የንግሥቲቱን ስም ብቻ መሆኑን እናስተውል። ጥጡን የፈተለችው፣ ሸማውን የሠራው፣ ሐሩን የጠለፈው ሰው ስም ከልብሱ ጋር አልተላለፈም። ቀሚሱ ነገ ቢመለስ ማን እንደ ለበሰው እንጽፋለን፤ ስለ ሠሩት ሰዎች የምንጽፈው ምንድን ነው?

ወደ ዘመናችን ሕግ ስንመጣም ዓይኑ ያረፈው እዚያው ለባሹ ላይ ነው። የ1995 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 3 የሰንደቅ ዓላማውን ቀለምና በመካከሉ የሚሆነውን ዓርማ ይደነግጋል፤ አዋጅ ቁጥር 654/2001ም ሰንደቅ ዓላማውን ያለ ዓርማው መጠቀምን ይከለክላል። በሐምሌ 31 ቀን 2016 በጎንደር በተደረገው ታላቅ ሰልፍ ዓርማ የሌለው ሰንደቅ በብዛት ታይቷል። ከዚያም ወዲህ ክርክሩ ወደ ሰው ልብስ ወርዷል፤ በአዲስ አበባ በበዓላት ጊዜ ዓርማ የሌለው ባንዲራ የታተመበት ልብስ የለበሱ ሰዎች ተከልክለዋል። በጥምቀት ቀን በጎንደር ወደ ፋሲለደስ መዋኛ የሚወርደው ወጣት ልብሱን በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ማስጌጡ የተለመደ ነው። እንግዲህ ጥለት የት ላይ አብቅቶ ሰንደቅ ዓላማ የት ላይ ይጀምራል? ቀለም ሦስት ስለ ሆነ ብቻ ጥለትን ሰንደቅ ብሎ መያዝ ሕግን ከቃሉ በላይ መለጠጥ ነው። ወጣቱም በበኩሉ ለቀለሙ ሲከራከር ጥለቱን ማን እንደ ሠራው፣ ወይስ በፋብሪካ የታተመ እንደ ሆነ አይጠይቅም። ከሳሽም ተከሳሽም ደረት ይመለከታሉ፤ እጅ የሚመለከት የለም።

ሌላ ዓይነት ሕግ ሊኖር እንደሚችል ከሕንድ አገር እንማራለን። የማህተማ ጋንዲ ትግል በእጅ የተፈተለንና በእጅ የተሸመነን ጨርቅ የነጻነት ምልክት ስላደረገ፣ በ2002 የወጣው የሕንድ የሰንደቅ ዓላማ ደንብ ሰንደቁ ከዚሁ ጨርቅ እንዲሠራ ያዝ ነበር። ይህ ሕግ ከቀለሙ ጋር ሸማኔውንም አየ። በ2021 መጨረሻ ግን ተሻሽሎ በመኪና የሚሠራ ፖሊየስተር ተፈቀደ። ስለዚህ ምሳሌው ሁለት ነገር ያስተምረናል፤ ሕግ ሸማኔውን ማየት ይችላል፤ ጠባቂ ካጣ ደግሞ መልሶ ይረሳዋል።

አንዳንድ ሰዎች «የሸማኔው ዋጋ በገበያ ይከፈለዋል፤ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልገዋል?» ይሉ ይሆናል። እኛ ግን ገበያው ብቻውን ይበቃዋል አንልም። የሸማኔውን ጥለት መስሎ በፋብሪካ የሚታተም ጨርቅ በርካሽ ሲሸጥ ገበያው ሁለቱንም «የባህል ልብስ» ብሎ ይጠራቸዋል። በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ብዙውን ሸማ የሚሠሩት ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች መሆናቸውን ስናስብም፣ የጎንደር ነገር የጎንደር ብቻ አለመሆኑን እንረዳለን።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ አገራችን ለሲዳሞ፣ ለሐረርና ለይርጋ ጨፌ ቡና የንግድ ስም ባለቤትነት በውጭ አገር ተከራክራ እንዳስከበረች ሁሉ፣ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 የተፈቀደው የጋራ የንግድ ምልክት ለጎንደር ሸማኔዎችና ጠላፊዎች ማኅበራት እንዲውል ቢደረግ ሕጉ እጃቸውን ያውቀዋል። ሁለተኛ፣ ከሰሜን ደጋና ከጎንደር የመጣን ተማሪዎች ለዕረፍት ስንመለስ በየአገራችን ያሉትን ሸማኔዎች ፈቃዳቸውን እየጠየቅን ስማቸውን፣ ሙያውን የተማሩበትን ሰው፣ የየጥለቱን መጠሪያና የሚፈጀውን ቀን ብንመዘግብ፣ ከምስጋና ጽሑፍ ይልቅ የሚጠቅም ሥራ ይሆናል። ወረቀትና እርሳስ ይበቃል፤ ሽማግሌዎቹ ሸማኔዎች ሳያልፉ ቢጀመር መልካም ነው።