ደቻቱ ዳር ያነበብኩት መጽሐፍ

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሊሳ ናጃቪትስ በ2002 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የሕክምና መምሪያ «ደኅንነትን ፍለጋ» ይሰኛል። ያነበብኩት ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ዳር ተቀምጬ ነው።

ሐሳባቸው ግልጽ ነው። ሄሮይን ወይም የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሱስ የያዘውን ሰው «መጀመሪያ ሱስህን ተው፤ ስለ ደረሰብህ መከራ ኋላ እናወራለን» ማለት አያዋጣም፤ የመንፈስ ቁስሉና ሱሱ አንድ ላይ ይታከሙ። ሰቆቃውን በዝርዝር እንዲተርክም አይገደድም። ይልቅስ ቅዠቱ ሲቀሰቀስ ራሱን ማረጋጋትን፣ ሰው እርዳኝ ማለትን ይለማመዳል። «ወንድ ከሆንክ ተወው» ከሚለው የእኛ ምክር እጅግ ይሻላል።

ቅሬታ ግን አለኝ። ደራሲዋ ታካሚው መጠለያና ሌላ ድጋፍ እንዲያገኝ ማገዝንም አልዘነጉም፤ ዳሩ ግን የሚነሱት ድጋፉ በአቅራቢያው አለ ብለው ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ድንገት ይመጣል። ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ሰዉን በተኛበት ጠርጎ ከ200 በላይ ነፍስ አጠፋ። ከዚያ የተረፈ ሰው ደመና ባየ ቁጥር ቢባንን፣ ለእንቅልፍ ብሎም ትራማዶል ቢለምድ፣ ፍርሃቱ የትናንት ብቻ ነውን? ክኒኑን ከመንጠቃችን በፊት ከወንዙ የራቀ ቤትና በሌሊት የሚቀሰቅሰው ማስጠንቀቂያ ያሻዋል። ይህን ምዕራፍ ናጃቪትስ ሊጽፉልን አይችሉም።