ነጥቡን የጣለው ማን ነው?

የአማርኛ የስፖርት ቋንቋ ለአንድ ውጤት ብዙ ግስ አለው። 2 ለ 2 ያለቀ ጨዋታ «አቻ ተለያዩ» ይባላል፤ ይሄ የዜና አንባቢ ግስ ነው፣ ማንንም አያስከፋም። «ነጥብ ተጋሩ» ሲባል ደግሞ ሁለቱ ቡድኖች ቅርጫ የገቡ ጎረቤታሞች ይመስላሉ። ከሜዳው ውጪ የተጫወተው ደካማው ቡድን ከሆነ «አንድ ነጥብ ይዞ ተመለሰ» ይባልለታል፣ ገበያ ውሎ የገባ ይመስል። ጠንካራው ከሆነ ግን «ነጥብ ጣለ» ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉ። የሚጣል ነገር መጀመሪያ በእጅ የነበረ ነው፤ ኪሱ ውስጥ ያልነበረ ብር የጣለ ሰው የለም። «ነጥብ ጣልን» የሚል ደጋፊ ጨዋታው ሳይጀመር ሦስቱንም ነጥብ ኪሱ ከቶ ነው ዲኤስቲቪ ቤት የገባው።

ከግሱ ይልቅ እኔን የሚይዘኝ ግን የግሱ ጭራ ነው። ጣልን? ጣሉ? ጣላችሁ? የሰዋስው መምህራን የተሻለ ስም አላቸው፤ እኔ ኮድ ስጽፍ የማመሽ ሰው ስለሆንኩ ጭራ ብዬ አልፈዋለሁ። ደጋፊ ከአንድ የከሸፈ ጨዋታ በኋላ የሚያወራውን ሁሉ፣ ትንተናውንም ስድቡንም ሙሾውንም፣ ብትተዉት እንኳ ይቺ ጭራ ብቻዋን ብዙ ትናገራለች።

ሚያዝያ 8 ቀን 2015 ዓ.ም እንውሰድ። ፋሲካ ነበር። አርሰናል ለንደን ስታዲየም ላይ ከዌስትሃም የሚጫወተው ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ይሄ ዶሮው ተበልቶ፣ ቡናው ሁለተኛ ላይ ደርሶ፣ አባወራው «ትንሽ ነፈስ ልበል» ብሎ ከቤት ውልቅ የሚልበት ሰዓት ነው። ካዛንቺስ ያኔ ገና አልፈረሰችም። ከቆርቆሮ ቤቶቹ መሀል ያለችው ክፍላችን ሞልታለች፤ ነጠላውን ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ አለ፣ «ኦ ቱ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ያረጀ ማሊያ የለበሰ አለ። ከሳምንት በፊት፣ በሆሳዕና፣ መድፈኞቹ አንፊልድ ላይ 2 ለ 0 ሲመሩ ቆይተው 2 ለ 2 ስለወጡ ሰው ሁሉ በትንሹ ፈርቷል።

ፍርሃቱ 10 ደቂቃ ነው የቆየው። በ7ኛው ደቂቃ ጋብርኤል ጄሱስ፣ በ10ኛው ማርቲን ኦዴጋርድ አገቡ። አንዱ ተነስቶ «በሉ እኔ ወደ ጠላዬ ልመለስ» አለ። ብዙም ሳይቆይ ነገሩ ተበላሸ። ያኔ የዌስትሃም አምበል የነበረው ዴክላን ራይስ ከቶማስ ፓርቴ ኳስ ነጠቀ፣ ተከላካዩ ጋብርኤል ፓኬታ ላይ ጥፋት ሠራ፣ ቤንራህማ ፍጹም ቅጣት ምቱን አገባ። ከእረፍት መልስ አርሰናልም በተራው ፍጹም ቅጣት ምት አገኘና ቡካዮ ሳካ ወደ ውጪ ሰደደው። ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጃሮድ ቦወን አቻ አደረጋቸው። የነጥብ ልዩነቱ ወደ 4 ወረደ፣ ሲቲ ደግሞ አንድ ተስተካካይ ጨዋታ በእጁ አለ።

ከፊሽካው በኋላ ያለችውን አንድ ሰዓት እንደ ጽሑፍ ማንበብ ነው የምፈልገው።

መጀመሪያ የሚናገሩት ተንታኞቹ ናቸው። በእኔ ዕድሜ ያሉ፣ ዩቲዩብ ያሳደጋቸው። «ሳሊባ ከተጎዳ ወዲህ የተከላካይ መስመሩ ወደ ኋላ ሸሽቷል፣ ሆልዲንግ ክፍት ሜዳ አይሸፍንም፣ መሀል ሜዳው ጫና አይችልም።» ልክ ናቸው። ዊሊያም ሳሊባ መጋቢት ላይ ጀርባውን ከተጎዳ በኋላ ያ ቡድን ያው ቡድን አልነበረም። ግን ስታዳምጧቸው «እኛ» የምትለው ጭራ ጠፍታለች፤ መስመሩ ሸሸ፣ ቅብብሉ ቀዘቀዘ፣ ሚዛኑ ተዛባ። ያዘኑበትን ነገር ለዕቃ አስረክበውታል። ትንተናው ጥሩ ነው፣ ለቅሶ ግን አይሆንም። ክፍሉ ያን ቀን የሚፈልገው ለቅሶ ነበር።

ያንን ያመጡት ጥግ የተቀመጡት ትልልቆቹ ናቸው። አንድ ጋሼ ነበሩ፣ ጨዋታ ሲያልቅ ሁሌም ከወንበራቸው ለመነሳት የመጨረሻው ሰው። «ተዋቸው እስቲ» አሉ፣ «ልጆች ናቸው እኮ። ምን እናድርግ፣ ጣልን።»

ይቺ «ልጆች ናቸው» በዚያ ፋሲካ የተወለደች አይደለችም። አዲስ አበባ ውስጥ አርሰናልን የደገፈ ሰው ሁሉ ሲሰማት ነው ያደገው። የካቲት 2000 ዓ.ም በርሚንግሃም ላይ የኤድዋርዶ እግር ገና በጨዋታው መጀመሪያ ተሰበረ፤ የ18 ዓመቱ ቲዮ ዋልኮት ሁለት አገባ፤ ባለቀ ሰዓት በተሰጠ ፍጹም ቅጣት ምት 2 ለ 2 ሆነ፤ አምበሉ ዊሊያም ጋላስ ሜዳው ላይ ቁጭ አለ። ልጆች ናቸው ተባለ። ጥር 2003 ኒውካስል ላይ በእረፍት 4 ለ 0 ይመሩ የነበሩት 4 ለ 4 ወጡ። ልጆች ናቸው ተባለ። (እኔ ያኔ ራሴ ልጅ ነበርኩ፤ ልጆች የተባሉት ሰዎች ጢም ነበራቸው፣ ነገሩ በጣም ግራ ያጋባኝ ነበር።)

ተቺ ሆኖ ለሚያዳምጥ የዚህች ዐረፍተ ነገር ድክመት ግልጽ ነው፤ የዱቤ መዝገብ ናት። ዛሬ ያልከፈሉትን ሲያድጉ ይከፍላሉ ትላለች። ያደጉት ግን ሰው ቤት ሄደው ነው። ሴስክ ፋብሪጋስ በ24 ዓመቱ ነሐሴ 2003 ላይ ወደ ባርሴሎና አቀና፤ በቀጣዩ ዓመት ሮቢን ቫን ፐርሲ ለማንችስተር ዩናይትድ ፈርሞ እዚያ ዋንጫ በላ። የእኛ ሰፈር ዱቤውን ሰርዞ አዲስ ገጽ ከፈተ፣ ሌሎች ልጆች ጻፈበት።

ይህን ብቻ ብዬ ባልፍ ግን ጋሼን እበድላቸዋለሁ። «ልጅ» በአማርኛ ዕድሜ ብቻ አይደለም። «ልጅ ነው» ያልነውን ሰው የእኛ አድርገነዋል፤ ልጅ ያለ ወላጅ አይኖርም። ሳካ ሐምሌ 2013 ዌምብሌይ ላይ ለእንግሊዝ የመጨረሻዋን መለያ ምት ሲስት በሀገሩ ኢንተርኔት ላይ ምን ዓይነት የዘረኝነት ስድብ እንደወረደበት እናስታውሳለን። ዌስትሃም ላይ ሲስት 21 ዓመቱ ነበር። ክፍላችን ውስጥ አንድ ሰው ስሙን በክፉ ሊያነሳ ሲሞክር ሦስት አፍ በአንዴ ዘጋው፤ «ልጅ ነው፣ ተው።» ያቺ ዐረፍተ ነገር የማትከፈል ዱቤ ብትሆንም ለልጁ ጥላ ሆናለታለች። «ጣለ» አላሉም፣ «ጣልን» አሉ። የአንዱን ስህተት ወደ 60 ለምንሆን ሰዎች ስታከፋፍለው ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ትንሽ ነው።

አሁን ሌላ አቻ። ሰኔ 2016፣ የ2026 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ፣ ጅቡቲ 1 ኢትዮጵያ 1። ሞሮኮ ላይ ነው የተጫወቱት፤ ሁለቱም ሀገራት ብቁ የተባለ ስታዲየም ስላልነበራቸው ሁለቱም ቡድኖች ከሜዳቸው ውጪ ነበሩ። ጅቡቲ ከዚያ በፊት በግብፅ 6 ለ 0 የተሸነፈች ቡድን ናት። ማጣሪያው ሲጠናቀቅ በ10 ጨዋታ የሰበሰበችው ነጥብ 1 ብቻ ነበር። ያንን ነጥብ ከማን እንዳገኘችው አሁን ታውቃላችሁ።

የዋልያዎቹ ስብስብም በአብዛኛው ከሀገር ውስጥ ሊግ የመጣ ነው፣ «ልጆቹ» ይባላሉ እነሱም። የዚያን ቀን ክፍሉ ጋ ሄጄ ጨዋታውን ያሳዩ እንደሆነ ጠየቅኩ። ባለቤቱ «የማን ጨዋታ?» አለኝ። ውጤቱን በስልኬ ነው ያየሁት። ማታ ሰፈር ውስጥ የሰማሁት ነገር ቢኖር አንድ ሳቅና አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ከጅቡቲ ጋር አቻ ወጡ አሉ።» ወጡ። ያውም ከነ «አሉ»፣ እንደ ሩቅ ወሬ። ማንም «ጣሉ» እንኳ አላለም፤ መጣል መጀመሪያ መያዝ ይፈልጋላ። ማንም «ልጆች ናቸው» ብሎ ጥላ አልዘረጋም፣ ማንም ስለ ተከላካይ መስመር አላወራም። ሥራዬ ላይ ከምንም በላይ የምፈራው ፕሮግራም ሲወድቅ የስህተት መልእክት የማይጽፈውን ነው። ሰኔ ላይ ከሰፈራችን የስህተት መልእክት አልወጣም።

እዚህ ጋ የተለመደው ትችት ብቅ ይላል፤ «ለባዕድ ክለብ ታለቅሳላችሁ፣ ለሀገራችሁ ትስቃላችሁ።» በየሬዲዮው የሚደጋገም ነገር ነው፣ እኔ ግን ሰነፍ ትችት ነው እላለሁ። ደጋፊውን ይገስጻል፣ ቋንቋውን አያዳምጥም። በጋሼ «ጣልን» ውስጥ ያለው «እኛ» ሰሜን ለንደን አይደለም። ጋሼ ለንደንን በቴሌቪዥን ካልሆነ አያውቋትም። ያ «እኛ» ክፍሏ ናት፤ ፕላስቲክ ወንበሩ፣ ፋሲካ ላይ ከየቤቱ ተሰርቆ የወጣው ሰው፣ በየሳምንቱ አብሮ መናደድ። አርሰናል ሰበብ ነው፣ በጣም ጥሩ ሰበብ፣ በሰዓቱ የሚመጣ ሰበብ።

ዋልያዎቹ ይህን የመሰለ ክፍል ነበራቸው፣ ያውም እዚሁ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ። ከካዛንቺስ በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በኩል ቁልቁል በእግር ቢኬድ አዲስ አበባ ስታዲየም ይደረሳል። ጥር 1954 ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ሉቻኖ ቫሳሎ የአፍሪካ ዋንጫን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው እዚያ ነው። ጥቅምት 2005 ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስም እዚያው ነው። «አሸንፈን» አልኩ፤ ሳላስበው ነው የወጣው፣ አላጠፋውም። ያን ማታ ከስታዲየም እስከ ካዛንቺስ በነበረው ጭፈራ ውስጥ «አሸነፉ» የሚል አንድ ሰው አልነበረም።

ካፍ የሀገሪቱ ስታዲየሞች አይበቁም ካለ በኋላ ግን ቡድኑ «ሜዳዬ» የሚለውን ሳይቀር ሰው ሀገር ለመጫወት ተገደደ። ሰኔ 2014 በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ ሜዳው ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ነበር። ያን የመሰለ ድል ከ5 ሺህ ሰው ጋር ተቃቅፎ ያላየ ትውልድ፣ ሁለት ዓመት ቆይቶ ከጅቡቲ ጋር አቻ ሲወጣ «ጣልን» እንዲል መጠበቅ ከየት የመጣ ነው? ጭራዋን የቆረጣት የደጋፊው ልብ መድረቅ አይመስለኝም። አብሮ መቀመጫ አጥታ ነው።

ይህንን የምለው በግምት አይደለም፤ ክፍላችንም ቀጥሎ ሄደች። በ2017 ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ስትፈርስ ቆርቆሮ ቤቶቹም አብረው ተነሱ። ብዙው ሰው ገላን ጉራ ነው የገባው፣ ሌላው በየዘመዱ። ስለ መፍረሱ ራሱ ሌሎች ከእኔ በተሻለ ጽፈዋል፣ አልመለስበትም። እኔ ያየሁት በግሱ ላይ የሆነውን ነው። የክፍሉ ሰው የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተ፤ የግሩፑ ሊንክ ዞረ፤ የዩናይትድና የቼልሲ ደጋፊዎችም ገቡ።

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 አርሰናል ብራይተን ላይ ተጫወተ። የ17 ዓመቱ ኢታን ንዋኔሪ አገባ፣ ተጎድቶ በእረፍት ወጣ፣ ጆአዎ ፔድሮ በፍጹም ቅጣት ምት አቻ አደረገ፣ 1 ለ 1። ከሜዳ ውጪ፣ በልጅ ጎል፣ በተመራ ጨዋታ፤ ነገሩ ሁሉ ለጋሼ ዐረፍተ ነገር የተሰፋ ነበር። ግሩፑ ላይ መጀመሪያ የወጣው መልእክት ግን «ጣላችሁ» ነው። ከዚያ «ዘንድሮም ጣላችሁ»፣ ከዚያ 40 ስቲከር፣ ከዚያ አንድ ሰው በቁጣ ስድብ፣ ከዚያ አድሚኑ ግሩፑን ዘጋ። ስልክ ላይ የሚጻፍ ግስ ሁሌም ወደ አንድ ሰው የተተኮሰ ነው፤ ሦስት አፍ በአንዴ ሊዘጋው አይችልም። ማንም ንዋኔሪን ልጅ ነው አላለም። ጋሼ ግሩፑ ውስጥ አሉ፣ ኦንላይን እንደሆኑ ይታያል፣ አልጻፉም።

ሙድ መያዝ የእግር ኳስ ግማሽ ጨው ነው፣ ያንን አልክድም። ክፍሏ ውስጥም ነበር፣ ያውም ከዚህ የባሰ። ልዩነቱ፣ እዚያ ሙድ የያዘብህ ሰው ወጥቶ ሲሄድ በጠባቧ በር ትከሻህን ነክቶ ነው የሚያልፈው።

መጋቢት 2017 ዋልያዎቹ ከጅቡቲ ጋር ሁለተኛውን ጨዋታ አደረጉ። 6 ለ 1። ማታ ላይ ግሩፑ ውስጥ ከገላን ጉራ አንድ ሰው «6 አገባን» ብሎ ጻፈ። ለተወሰነ ጊዜ ዝም ተባለ። ከዚያ አንዱ፣ ከሳቅ ምልክት ጋር፣ «እናንተ እነማን ናችሁ?» ብሎ መለሰለት። ሰውየው ሦስት ጊዜ መጻፍ ጀምሮ አቋረጠ፤ ከላይ «እየጻፈ ነው» ይላል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይመጣል።