የንግድ ግድግዳና የሠዓሊዋ እጅ፦ ስለ አኒ ፑቱጉክ ሥዕሎች

ስለ ሥዕል መሸጫ ጋለሪ ሲነሣ በእኛ ገጾች ላይ ፍርዱ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የተሰጠ ነው። ሥዕል በዚያ ሸቀጥ ነው፤ ሸቀጥ የገዢውን ፍላጎት ይከተላል፤ ስለሆነም በሱቅ ግድግዳ ላይ የኅብረተሰብን እውነተኛ ኑሮ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው ይባላል። ይህን አስተያየት እኛም ስንጋራው ኖረናል። የካናዳዊቷ ሠዓሊ የአኒ ፑቱጉክ ሥራዎች ግን ፍርዳችንን በከፊል እንድንከልስ አስገድደውናል። በከፊል ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም።

አኒ በ1969 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን ካናዳ፣ በባፊን ደሴት ደቡባዊ ጫፍ አጠገብ በምትገኝ የኢኑዊት ሕዝብ መንደር ተወለደች። መንደሪቱ በመንግሥት መዝገብ ኬፕ ዶርሴት ስትባል ኖራ በ2020 በሕዝቡ ቋንቋ ኪንጋይት የሚለው ስሟ ጸድቆላታል። አያቷ ፒትሲዮላክ አሹና ባላቸው ከሞቱ በኋላ ልጆቻቸውን ለማሳደግ ሲሉ ወደ ሥዕል የገቡ፣ ከ8,000 በላይ ሥዕሎች ትተው በ1983 ያረፉ ታላቅ ሠዓሊ ነበሩ። እናቷ ናፓቺ ደግሞ በ1990ዎቹ ስለ ግዳጅ ጋብቻና በሴቶች ላይ ስለሚፈጸም በደል ሳይሸፋፍኑ ሥለዋል። አኒ እንግዲህ ከሜዳ የበቀለች አይደለችም።

ከመንደሪቱ ይወጣ የነበረው ሥዕል የራሱ የገበያ ታሪክ አለው። ጄምስ ሂውስተን የተባለው ሠዓሊና የመንግሥት ሠራተኛ በ1958 ወደ ጃፓን ሄዶ የኅትመት ሥዕል አሠራር አጥንቶ ተመለሰ። በ1959 የመንደሪቱ የመጀመሪያ የኅትመት ስብስብ ለሽያጭ ቀረበ፤ የዌስት ባፊን የኅብረት ሥራ ማኅበርም ተቋቋመ። ኬኖጁዋክ አሼቫክ በ1960 የሠሩት አስማተኛ ጉጉት በ1970 በካናዳ ቴምብር ላይ እስከ መታተም ደረሰ። ጉጉቱ ድንቅ ሥዕል ነው፤ በእሱ ላይ ቅሬታ የለንም። ቅሬታችን ከዚያ በኋላ ገዢው ጉጉት፣ ነጭ ድብና የበረዶ ጎጆ ብቻ መጠየቅን በመልመዱ ላይ ነው። መንግሥት ለትክክለኛነቱ ማረጋገጫ በሥራዎቹ ላይ ያንጠለጥለው የነበረው ምልክት ራሱ የበረዶ ጎጆ ሥዕል ነበረ። ቤተሰቦቹ ግን በዚያው ዘመን ከአደን ሰፈራቸው እየተነሡ ወደ እንጨት ቤቶች በመግባት ላይ ነበሩ።

የሽያጩም መንገድ ሊታወቅ ይገባል። በተለመደው የንግድ ጋለሪ አሠራር ሠዓሊው ሥዕሉን በአደራ ያስቀምጣል፤ ሲሸጥም ብዙውን ጊዜ ዋጋውን ከባለ ጋለሪው ጋር እኩል ይካፈላል። በኪንጋይት ግን ሠዓሊው ሥዕሉን ይዞ ወደ ማኅበሩ ሲሄድ ማኅበሩ በእጁ ገንዘብ ሰጥቶ ይገዛዋል። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ በ1978 ቶሮንቶ በተከፈተው የማኅበሩ የማከፋፈያ ክንፍ በኩል ወደ ጋለሪዎች ይሄዳል። ይህ አሠራር ሥዕሉ ሳይሸጥ ቢቀር ኪሳራው በሠዓሊው ላይ እንዳይወድቅ ያደርጋል፤ ለዕለት ጉርስ ለሚሠራ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። የዚያኑ ያህል ሠዓሊው ወረቀቱ የት እንደሚሰቀልና በስንት እንደሚሸጥ ከሚታይበት ቦታ በሺህ ኪሎሜትሮች ርቆ ይቀራል።

በ2003 በቶሮንቶ የሚገኘው ፌሄሊ ፋይን አርትስ፣ በኢኑዊት ሥነ ጥበብ ላይ ያተኮረ አነስተኛ የንግድ ጋለሪ፣ የአኒን ሥራዎች ለብቻቸው አሳየ። በዚያው ከተማ ፓወር ፕላንት የተባለው ትልቁ የሕዝብ ማዕከል ተመሳሳይ ዐውደ ርእይ ያዘጋጀላት ከሦስት ዓመት በኋላ በ2006 ነው። ሱቁ ከሕዝቡ ተቋም ቀደመ ማለት ነው። ይህን ሐቅ ወደድንም ጠላንም ልንመዘግበው ይገባል።

የአኒ መሣሪያ ቀለል ያለ ነው፤ ወረቀት፣ ቀለም ብዕርና ባለ ቀለም እርሳስ። የምትሥለው የቤት ውስጥ ኑሮ ነው። ቤተሰብ ወለል ላይ ተቀምጦ አቆስጣ የተባለውን የባሕር እንስሳ ጥሬ ሥጋ ይበላል፤ በዚያው ክፍል ውስጥ የዘመኑ የቤት ዕቃ በየቦታው ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ ሰዓት አለ፤ ይህ ሰዓት ከሥዕል ወደ ሥዕል ይከተለናል። በ2005 የሠራችው ትልቅ ሥዕል በመንደሪቱ መደብር ማቀዝቀዣዎች ፊት የቆሙ ገበያተኞችን ያሳያል። በረዶ የሞላበት አገር ሰው ምግቡን ከማቀዝቀዣ ሲያወጣ ማየት ፈገግ ያሰኛል፤ ሠዓሊዋ ግን ለቀልድ ብላ አንድ መስመር እንኳ አላጣመመችም። ለጥሬው ሥጋም ለመደብሩ ሸቀጥም የሰጠችው ጥንቃቄ አንድ ነው። የሥዕሏ ኃይል እዚህ ላይ ይመስለናል። ብዙ ሐያስያን የመንደር ኑሮ መዝጋቢ ይሏታል፤ መዝጋቢ ግን የወረቀቱን ባዶ ቦታ እንዲህ አያውቅበትም።

ከሁሉ ይልቅ በብዛት ሲባዛ ያየነው የ2006ቱ ሥዕል ነው፤ በቤት ውስጥ ዶክተር ፊል የተባለውን የአሜሪካ ቴሌቪዥን አማካሪ የሚመለከት ሰው ይታይበታል። ጥሩ ሥዕል ነው፤ ይሁን እንጂ የደቡቡ ገዢ የወደደው የራሱን ቴሌቪዥን ስላገኘበት እንዳይሆን እንጠራጠራለን። እኛ የምንመለስበት ሌላኛው፣ በ2002 የተሠራው ነው። አንድ ሰው ሚስቱን ሊመታ እጁን አንሥቷል። ክፍሉ ሥርዓት ያለው፣ ቀለሙ የረጋ፣ መስመሩ እንደ ኩሽናው ሥዕል ሁሉ ጸጥ ያለ ነው።

በዚህ ሥዕል ላይ ከአንዳንድ የኅብረታችን አባላት ጋር ብርቱ ክርክር ነበረን። የአንድን የተጎዳ ሕዝብ ገመና ለባለጸጋ ሳሎን ማቅረብ አይደለም ወይ ተባልን። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ገመናው የማን ነው? በትሩ የወደቀባት ሴት ዝም ብትል የሚጠቀመው ሕዝቡ ሳይሆን መቺው ነው። ደግሞም አኒ በዚያው ወቅት ከሠራቻቸው አንዱን የሕይወቴ ትዝታ ብላ ሰይማዋለች፤ በእሱም ላይ የመጠጥ ጠርሙሶች ይሰበራሉ። ስለ ራሷ ኑሮ ለመናገር የሌላ ፈቃድ የሚያስፈልጋት አይመስለንም።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ዞር ማለት ግድ ነው። በአዲስ አበባ ሱቆች የተደረደሩትን፣ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በትንንሽ ሣጥን ከፋፍለው የሚያሳዩትን ሥዕሎች የማያውቅ አንባቢ የለም። ለውጭ አገር ሰው ተሠሩ ብለን እናማቸዋለን። ነገር ግን በስደት ቤታችን ግድግዳ ላይ ምን ሰቅለናል? ጄሪካኑንና ቡታጋዙን፣ የተከራየንበትን ጠባብ ክፍል የሣለ ወጣት ቢመጣ፣ ይህስ አገራችንን አይመስልም ብለን እንመልሰው ይሆናል። በዚህ ረገድ ከኪንጋይት ጉጉት ገዢ የተሻልን አይደለንም።

ከ2003 በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ2006 በዚያን ጊዜ ለወጣት የካናዳ ሠዓሊዎች ይሰጥ የነበረውን የሶቢ ሽልማት፣ 50,000 የካናዳ ዶላር፣ አሸነፈች፤ ከኢኑዊት ሽልማቱን ያገኘች የመጀመሪያዋ ናት። በ2007 ሥራዎቿ በጀርመን ከተማ ካሰል በዶኩሜንታ ታዩ። ከዚያ ወደ ኦታዋ ሄደች፤ መጠለያ አጥታ ሥዕሎቿን በጎዳና ላይ በጥቂት ዶላር የሸጠችበት ጊዜ መጣ። በመስከረም 2016 አስከሬኗ በሪዶ ወንዝ ተገኘ። 47 ዓመቷ ነበረ።

ለዚህ ባለ ጋለሪውን ከሳሽ ሆነን አንቆምም፤ አንዲት ሱቅ መንግሥት ያልገነባውን ቤት ልትሠራ አትችልም። በከፊል ያልንበት ምክንያት ግን ይኸው ነው። የንግዱ ግድግዳ ሥዕሉን ከሌሎች ቀድሞ አየ፤ ወረቀቱን ሊያሳይና ሊሸጥ ይችል ነበር፤ ወረቀቱን የያዘችውን እጅ የሚጠብቅ ነገር ግን በዚያ ሰንሰለት ውስጥ አንድም ቦታ አልተዘጋጀም። የማኅበሩ የዕለት ክፍያም ቢሆን የሚሠራው መንደሪቱ ውስጥ ላለ ሰው ነው። ሽልማቱ ሲነገር ስሟን የጠራ አገር ለአንዲት ኢኑዊት ሴት በዋና ከተማው ውስጥ ያለውን ቦታ ግልጽ አድርጎ አሳይቷል።

በ2017 የማክማይክል ቤተ መዘክር ሥራዎቿን ሰብስቦ አሳየ። ከሥራዎቿ መካከል በ2006 የሣለችው መነጽር፣ ብዕር፣ እርሳስና ላጲስ ይገኛል። ጥቁሩ ወፍራም መነጽር የአያቷ የፒትሲዮላክ ነው። የአጎት ልጅ የሆነችው ሹቪናይ አሹና ደግሞ አሁንም በኪንጋይት ትሥላለች፤ በ2022 በቬኒስ ቢዬናሌ ልዩ ምስጋና አግኝታለች። እሷም ሥራዋን ይዛ የምትሄደው ወደዚያው ማኅበር ነው።