የባሕር ደመናና የቁስቋም ጉም፤ ስለ ሊሊ ትምህርት የቀረበ ሂስ

የአሜሪካው የአየር ጠባይ ሊቅ ዳግላስ ሊሊ በ1968 ያወጣው፣ ደመና ስለደፋ የተቀላቀለ የአየር ድራብ የሚናገረው ጽሑፍ፣ ከእርሱ በኋላ በዚህ መስክ የጻፉት ሁሉ ወይ የሚደግፉት ወይ የሚከራከሩት ሥራ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) እኛም ልንመረምረው የተነሣነው ክብሩን ለመቀነስ አይደለም፤ ትምህርቱ በተማሪዎች ዘንድ እንዳለቀለት ሕግ ሲጠቀስ ስለምንሰማና፣ በካሊፎርኒያ ጠረፍ የተሰፋ ልብስ ለጎንደር ተራራ ይሆን እንደሆነ መጠየቅ ስለሚገባን ነው።

የነገሩ መነሻ ይህ ነው። በቀዝቃዛ ባሕር ላይ ከሰማይ የሚወርደው ደረቅና ሞቃት አየር እንደ ክዳን ይደፋል። ከክዳኑ ሥር ያለው እርጥብ አየር ከጥቂት መቶ እስከ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ከፍታ ይዞ ይቀራል፤ በጫፉም ላይ ስስ ደመና ይነጠፋል። ይህን አየር የሚያናውጠው ከታች ያለው የባሕሩ ሙቀት ብቻ ይመስላል፤ ዋናው ሞተር ግን ከላይ ነው። የደመናው ጫፍ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘው አየር ከብዶ ይሰምጣል፤ በምትኩም ከታች ሌላ ይወጣል። ድስቱ ከሥሩ ሳይሆን ከክዳኑ በኩል ይናወጣል ማለት ነው። ሁከቱም በበኩሉ ከክዳኑ በላይ ያለውን ደረቅ አየር ጥቂት በጥቂት ወደ ውስጥ ይምጋል። ይህ መማግ ምን ያህል ፈጣን ነው? ክርክሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሊሊ ራሱ ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጠም፤ ከዚህ አይበልጥም፣ ከዚህም አያንስም ብሎ ሁለት ወሰን አበጀ። ይህን ጥንቃቄውን እናደንቃለን።

የማንቀበለው ሌላውን ነው። ከላይ የሚገባው አየር እጅግ ደረቅ ከሆነ የደመናውን ጠብታ ያተናል፤ መትነኑ ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘውም ሰምጦ ተጨማሪ ደረቅ አየር ይስባል፤ ስለዚህ ደመናው ራሱን በራሱ ይበላል ተባለ። በ1980 ራንዳልና ዲርዶርፍ፣ እያንዳንዳቸው በየበኩላቸው፣ ይህንኑ መስፈርት አሻሻሉት። አሳቡ ሲሰሙት ያማረ ነው። ዳሩ ግን ኩዎና ሹበርት በ1988 የተለኩ ደመናዎችን ቢመረምሩ፣ በመስፈርቱ ይጠፋሉ የተባሉት ብዙዎቹ ሳይጠፉ ተገኙ። በ2001 ከሳን ዲዬጎ ወዲያ በፓስፊክ ላይ በአይሮፕላን የተደረገው ዳይኮምስ ሁለት የተባለው ጥናት ነገሩን አጠነከረው። በመጀመሪያው የሌሊት በረራ ክዳኑ በ840 ሜትር ገደማ ነበር፤ ከሥሩ በአንድ ኪሎ አየር ውስጥ 9 ግራም ያህል ውሃ ሲኖር፣ ከበላዩ ግን 1.5 ግራም ያህል ብቻ ነበር። በመስፈርቱ ቢሄዱ ይህ ደመና መበተን ነበረበት፤ አልተበተነም። የመማጉም ፍጥነት በሰከንድ ግማሽ ሴንቲ ሜትር እንኳ አልሞላም። ምክንያቱ፣ ትነት ድብልቁን የሚያከብደው ደረቁና እርጥቡ በተወሰነ መጠን ሲገናኙ ብቻ መሆኑ ነው፤ ባሕሩም የጠፋውን ውሃ ይተካል።

«የተቀላቀለ» የሚለውም ቃል ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ድራቡ ከፍ ሲል፣ ወይም ፀሐይ ደመናውን ስታሞቀው፣ የላይኛውና የታችኛው አየር ይለያያሉ። በ1992 በአዞር ደሴቶች አካባቢ በተደረገው ጥናት እንዲህ የተለያየ ድራብ በብዛት ታይቷል።

ይህ የሩቅ አገር ጭቅጭቅ አይደለም። ከአንጎላና ከናሚቢያ ጠረፍ ወዲያ እንዲሁ ያለ ሰፊ የባሕር ደመና አለ። ብዙዎቹ የአየር ንብረት ሞዴሎች ይህን ደመና አሳንሰው ያዩታል፤ ባሕሩንም ከእውነተኛው ይልቅ አሙቀው ያሳያሉ (ስሕተቱ ሁሉ የደመናው ነው ግን አንልም፤ የነፋሱም ድርሻ አለበት)። ባሕሩ ሲሞቅ የሐሩር ክልሉ የዝናም መቀነት ያለ ቦታው ይሄዳል። ስለ ክረምታችን ነገ የሚነገረን ከእነዚሁ ሞዴሎች ነው።

እንግዲህ ወደ ቁስቋም እንመለስ። እቴጌ ምንትዋብ ካሠሩት ግቢ ላይ ሆኖ በክረምት ጧት ከታች የተኛውን ጉም ያየ ሰው፣ የሊሊን ድራብ አየሁ ለማለት ይቃጣዋል። ለጧቱ እሺ እንላለን። ነገር ግን የባሕር ሙቀት ቀንና ሌሊት እምብዛም አይለወጥም፤ የጎንደር መሬት ግን ረፋድ ላይ ይሞቅና ሁከቱ ከታች ይነሣል፤ ከቀትር በኋላም ደመናው ክዳኑን በስቶ ወደ ነጎድጓድና ወደ በረዶ ይሄዳል። ከዚያ ሰዓት በኋላ የሊሊን ቀመር ይዞ መቆም ከንቱ ድካም ነው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 በጎንደር፣ በ1771 ደግሞ በዚሁ በቁስቋም ዝናም እየለካ መዝግቧል። ለዘመኑ ትልቅ ሥራ ነው። የዝናም መለኪያ ግን የወረደውን ውሃ እንጂ ከጉሙ በላይ ያለውን አየር አይናገርም፤ ሊሊ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው። ባሕር ላይ ይህን ለማወቅ አይሮፕላን ያስፈልጋል። እኛ ግን ኮረብታ አለን። ደባርቅን፣ ሳንቃበርንና ጨነቅን መሰላል ማድረግ ያስመኛል፤ ሆኖም ከጎንደር ይርቃሉ፤ የአንድ ጧት አየርም አይደለም። ከቁስቋም ኮረብታ ግርጌና አናት ላይ፣ በጥላ ሥር፣ የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ አቁሞ ከንጋት እስከ ረፋድ በየሩብ ሰዓቱ ማንበብ ለጅምሩ ይበቃል። ጉሙ ሲገፈፍ መጀመሪያ የሚሞቀው አናቱ ነው ወይስ ግርጌው? አናቱ ከቀደመ ደረቁ አየር ከላይ እየገባ ነው፤ ግርጌው ከቀደመ ሥራው የመሬቱ ነው።